ለሄቪ ሜታል ድራም ማድመቂያ ሲምባል መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ሄቪ ሜታል የሚጫወቱ፣ ለመጀመርም የሚያስቡ ድራመሮች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ማድመቂያ ሲምባል የሚባለው የትኛው ነው?

ሲምባል በስቲክ፣ ማለትም በመምቻ ዱላ፣ የሚመታ ክብ የብረት ሳህን ነው። በእግር ፔዳል የሚከፈተውና የሚዘጋው ጥንዱ ሃይ-ሃትና ትልቁ ራይድ ምት ይዘው የሚዘልቁ ሲምባሎች ናቸው፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ እጅ ከእነርሱ ብዙ አይርቅም። ማድመቂያ የሚባሉት ግን ለአንድ ቅጽበት ተመትተው የሚተዉት ናቸው። ስፕላሽ፣ ቻይና፣ ስታክና ትንንሽ ደወሎች ከዚህ ወገን ይቆጠራሉ። ክራሽ፣ ሲመታ የሚፈነዳ ድምፅ የሚሰጠው፣ መሃል ላይ ይቆማል። ትንሽና ስስ ከሆነ ማድመቂያ ነው፤ ትልቅና ከባድ ከሆነ በሜታል ውስጥ እንደ ራይድ ሲመታ ያመሻል።

ስፕላሽ ትንሽና ስስ ነው፤ ጭሽ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። ቻይና ጠርዙ ስለተቀለበሰ ድምፁ ሻካራና ቁጡ ይሆናል። ስታክ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ሲምባል ተደራርበው በአንድ ዘንግ ላይ የሚታሰሩበት ነው፤ አንዱ የሌላውን ድምፅ ስለሚያፍነው ደረቅና አጭር ድምፅ ይሰጣል።

አንድ ብቻ የምገዛበት ገንዘብ ነው ያለኝ። የትኛውን ልግዛ?

ቻይና ግዙ። በሄቪ ሜታል ጊታሩ በዲስቶርሽን፣ ሆን ተብሎ በሚሻከር ድምፅ፣ ተሞልቶ፣ ቤዙ ከሥሩ ተኝቶ፣ ባስ ድራሙን፣ ትልቁን የእግር ከበሮ፣ የሚመታው ድርብ ፔዳል ሳያቋርጥ ሲሄድ ለሲምባል የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው። የክራሽ ድምፅ ለስላሳና ረጅም ስለሆነ ከጊታሩ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። የቻይና ሻካራ ድምፅ ግን ጥሶ ይወጣል። ምቱ ዝግ ብሎ በሚከብድበት ክፍል ቀኝ እጅ ቻይናው ላይ ወጥቶ አራቱን ምት ሲቆጥር አድማጩ ጭንቅላቱን የሚነቀንቅበትን ቦታ ያገኛል። የስዊድኑ ሜሹጋ ባንድ ድራመር ቶማስ ሃኬ እግሮቹ ከጊታሩ ጋር የተጠላለፈ ቁጥር ሲጫወቱ እጁን ሲምባሉ ላይ ቀጥ ባለ አራት ምት ይዞ የሚጓዝበት አጨዋወት ይህን በደንብ ያሳያል፤ ሲምባሉ ባይኖር አድማጩ ቆጠራው ይጠፋበት ነበር።

ሁለተኛ ስታክ፣ ሦስተኛ ስፕላሽ ይከተል እላለሁ። ብዙ ሰው በስፕላሽ የሚጀምረው ዋጋው ስለሚቀንስ ነው። ነገር ግን ጊታሩ በሙሉ ኃይሉ በሚጮኽበት ቦታ ስፕላሽ አይሰማም። ያ ሲምባል የሚያምረው ጊታሩ ትንፋሽ በሚወስድባት ክፍተት ብቻ ነው።

በራሴ ድራም አልጫወትም፤ የሆቴሉን ወይም የክበቡን እጠቀማለሁ። ሲምባል መግዛት ይጠቅመኛል?

ይጠቅማችኋል፤ እንዲያውም ከማንም በላይ የሚጠቅመው ለእናንተ ነው። በከተሞቻችን ሙሉ የድራም ስብስብ ያለው ግለሰብ ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው የሚጫወተው በሌላ ሰው ከበሮና በሌላ ሰው ሃይ-ሃት ነው፤ የእነዚያን ድምፅ መለወጥ አትችሉም። በከረጢት ይዛችሁት የምትሄዱት ቻይናና ስታክ ግን የትም ብትቀመጡ የእናንተን ድምፅ ይሰጣሉ።

ሱቅ ውስጥ ስሞክረው ምኑን ላዳምጥ?

አብዛኛው ገዢ የሚያዳምጠው ሲምባሉ እንዴት እንደሚነሳ ነው። በሄቪ ሜታል የሚለየው ግን አወዳደቁ ነው። ማድመቂያ ሲምባል ተናግሮ ቦታውን ካልለቀቀ የሚቀጥለውን ምት ይበላዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። በደቂቃ 180 ምት በሚሄድ ዘፈን አንዱ ምት የሰከንድ ሲሶ ነው። ሁለት ሰከንድ የሚጮህ ሲምባል ከመታችሁ ድምፁ ስድስት ምት ሸፈነ ማለት ነው። በእነዚያ ስድስት ምቶች ውስጥ ስኔሩም (ስል ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ)፣ የጊታሩ ቁርጥራጭም፣ የፔዳሉም ዝርዝር አለ፤ ሁሉም ከጭጋግ ሥር ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ጊዜ በደንብ ምቱትና እጃችሁን አንሡ። የምትጫወቱትን ዘፈን በልባችሁ እየቆጠራችሁ ድምፁ የሚደክምበትን ምት ያዙ። ቻይና ከአንድ ወይም ከሁለት ምት በኋላ ኃይሉ መውደቅ አለበት። ስታክ የሚቀጥለው ምት ሳይመጣ ማለቅ አለበት። ቀስ ብላችሁ ብቻ መሞከር አይበቃም፤ ሱቅ ውስጥ በይሉኝታ የተመታ ሲምባል መድረክ ላይ ሌላ ፍጥረት ነው። ባለሱቁን አስፈቅዱና በምትጫወቱበት ጉልበት ምቱት።

ከዚያ ስቲኩን ለጓደኛ ሰጥታችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ድራመሩ ከሲምባሉ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ የሚሰማው አድማጩ ከሚሰማው የተለየ ነው። አጠገቡ ሆናችሁ ጆሮ የሚወጋው ሹል ድምፅ ከርቀት ደቃቃ ሊሆን ይችላል፤ አጠገቡ ሻካራና አስቀያሚ የመሰለው ቻይና ደግሞ ከአዳራሹ በር ላይ ሲሰማ ልክ ይመጣል። የባንዳችሁን ጊታር በስልክ ቀድታችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ከዚያ ጋር እየመታችሁ ስሙት። ሲምባል ብቻውን ስላማረ አይገዛም።

ስንት ኢንች ይሁን?

ለቻይና 18 ኢንች፣ ማለትም 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ብዙ የማያጸጽት መጠን ነው። ትራሽ የተባለውን ፈጣን የሜታል ዓይነት የሚጫወት ሰው 16 ኢንች ቢይዝ ቶሎ ይነሳለታል፣ ቶሎም ይወድቅለታል። ዱም የተባለውን ዝግ ያለ የሜታል ዓይነት የሚጫወት ደግሞ 20 ኢንች ቢሆንለት ይሻላል፤ በምቶቹ መሃል ሰፊ ቦታ ስላለ ረጅም ድምፅ አይጎዳውም። ለስፕላሽ 10 ኢንች በቂ ነው። 8 ኢንቹ በሜታል ባንድ ውስጥ ይዋጣል፤ 12ቱ ወደ ክራሽ ይጠጋል። ለስታክ የላይኛው ከ10 እስከ 14 ኢንች፣ የታችኛው እኩል ወይም ሁለት ኢንች የሚበልጥ ቢሆን ይሠራል።

ቢ20፣ ቢ8፣ ናስ የሚባሉት ምንድን ናቸው? ልዩነታቸው ይሰማል?

ቢ20 ማለት 80 በመቶ መዳብ፣ 20 በመቶ ቆርቆሮ የተቀላቀለበት ነሐስ ነው። ድምፁ ሰፊና የተደራረበ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ቢ8 92 በመቶ መዳብና 8 በመቶ ቆርቆሮ ነው፤ ድምፁ ብሩህ፣ ቀጥተኛና ጠበብ ያለ ነው። ናስ የሚባለው መዳብና ዚንክ የተቀላቀለበት ሲሆን ከጀማሪ ድራም ጋር አብሮ የሚመጣው ሲምባል አብዛኛውን ጊዜ ከእርሱ የተሠራ ነው፤ ድምፁ ከነሐሱ ይልቅ ወደ ድስት ክዳን ያደላል።

ለሃይ-ሃትና ለራይድ ይህ ልዩነት ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፤ ይገባዋልም። ለማድመቂያ ግን ልዩነቱ ይጠብባል። ቢ8 ርካሽ ነገር ነው ብሎ ማጣጣልም ትክክል አይደለም። የስዊዘርላንዱ ሲምባል ሠሪ ፓይስቲ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የሚያመርተው 2002 የተባለው ዝነኛ ሲምባል ከዚህ ቅልቅል የሚሠራ ነው። ለስታክማ ናስም ይበቃል፤ ከስታክ የምንፈልገው ድምፁ እንዲታፈን ነውና ሰፊ ድምፅ ያለውን ውድ ነሐስ አስሮ ማፈን ገንዘብ መጣል ነው።

ስሙ የታወቀ ፋብሪካ የሠራው ካልሆነ አይሆንም?

ይሆናል። ታዋቂዎቹ ስም ያገኙት በከንቱ አይደለም። ዚልጂያን እ.ኤ.አ. በ1623 በቁስጥንጥንያ በአንድ አርመናዊ የብረት ባለሙያ የተመሠረተ ቤት ነው፤ ወደ አሜሪካ የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ሳቢያን ከዚያው ቤተሰብ የወጣ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1981 በካናዳ ተቋቋመ። የጀርመኑ ማይንል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። እነዚህ ቤቶች ዛሬ አንድ ዓይነት ሲምባል ደጋግሞ አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲሰጥ አድርገው መሥራት ይችላሉ፤ ያ ትልቅ ነገር ነው።

በቻይና ሲምባል ግን የስም ልዩነት ያን ያህል አይከብድም። በዉሃን ስም የሚሸጡት ከቻይና አገር የሚመጡት ሲምባሎች በእጅ የተቀጠቀጡ የቢ20 ነሐስ ናቸው፤ ዋጋቸው ከታላላቆቹ በእጅጉ ያንሳል፤ በሜታል ድራመሮች ዘንድም ሲሠራባቸው ኖሯል። ችግራቸው አንዱ ከሌላው አለመመሳሰሉ ነው። ስለዚህ ሳይሰሙ አይገዙም፤ ሁለት ሦስት ካለ ሁሉንም መምታት ነው።

ወፍራም ሲምባል ቶሎ አይሰበርም ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ወፍራም ሲምባል ድምፁ ቀጭን፣ ጩኸቱ ትልቅ፣ ቆይታው ረጅም ይሆናል። ጉልበትንም ይሸከማል። ነገር ግን ሲመታ አይታጠፍም፤ የዱላው ጉልበት በሙሉ ጠርዙ ላይ ያርፋል። ስሱ ሲምባል ተወዛውዞ ጉልበቱን ያሳልፋል። ሁለቱንም የሚሰብራቸው የምትመቱበት መንገድ ነው። ስቲኩ ከጠርዙ ጋር በቀጥታ ፊት ለፊት ከተጋጨ የትኛውም ነሐስ አይቆምም። ሲምባሉን ወደ ራሳችሁ ትንሽ አዘንብሉትና ስቲኩ በሰያፍ ወደ ጎን እያለፈ እንዲመታው አድርጉ።

ዳዶውን ከልክ በላይ ማጥበቅም እንዲሁ ሲምባል ይሰብራል። ከዳዶውና ከሲምባሉ መሃል የሱፍ ቀለበት፣ በብረቱ ዘንግ ላይ ደግሞ የላስቲክ ቱቦ መኖር አለበት። ያ ቱቦ ከሌለ የዘንጉ ጥርስ የሲምባሉን ቀዳዳ እየገዘገዘ ያሰፋዋል፤ ከዚያ ስንጥቅ ይጀምራል። የላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ከየትኛውም የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በጥቂት ብር ይገኛል፤ በዚህ ጉዳይ ምንም ምክንያት የለም።

ቻይና ለምን ተገልብጦ ይታሰራል?

ጠርዙ ወደ ላይ የተቀለበሰ ስለሆነ ነው። እንደሌላው ሲምባል አቅንታችሁ ብታስሩት ስቲኩ የሚያርፈው በተቀለበሰው ሹል ጠርዝ ላይ ነው። ስቲኩ ይበላል፣ ነሐሱም ከዚያው ይሰነጠቃል። ሲገለበጥ ሹሉ ጠርዝ ወደ መሬት ይዞራል፤ ስቲኩ የሚያገኘው ለስላሳውን እጥፋት ነው። ስትመቱ በስቲኩ ጫፍ ሳይሆን በወፍራሙ ክፍል እጥፋቱን ምቱ፤ ድምፁ ሙሉ የሚሆነው እዚያ ነው። ለተለየ ድምፅ አቅንቶ የሚያስር አለ፤ በጉልበት ለሚጫወት ግን አልመክርም።

መቆሚያ የለኝም። ስፕላሹን የት ልሰር?

ክራሹ ላይ። ክራሹ ከታሰረበት ዘንግ ላይ የሱፍ ቀለበት ጨምራችሁ ስፕላሹን ገልብጣችሁ ከላዩ አስቀምጡትና በዳዶ ያዙት። ዘንጉ አጭር ከሆነ የብረት ሥራ ቤት ወስዳችሁ በተመሳሳይ ጥርስ ረዘም ያለ ቡሎን አሠሩ። ሁለቱ ሲምባሎች እንዳይነካኩ በመሃላቸው የሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር።

የምንለማመደው ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ቤት ነው። ሲምባል ስመታ ሁሉም ነገር ጫጫታ ይሆናል። ምን ይሻላል?

ይህን የማይጠይቅ የለም፤ መልሱም ሲምባል ከመግዛታችሁ በፊት ሊታወቅ ይገባል። ቆርቆሮ የሲምባልን ቀጭን ድምፅ ሳይውጥ መልሶ ይተፋዋል። ከዚያም አልፎ ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ የሚስማሩ ማያያዣ የላላበት ጣሪያ ከሲምባሉ ጋር አብሮ ይጮኻል። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ እድለኞች ናችሁ፤ ጭቃና ጭድ ድምፅን ከብሎኬት በተሻለ ይይዛል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ግን ድምፁ መውጫ የለውም።

መጀመሪያ ኮርኒስ ከሌለ ከድራሙ በላይ ከጣሪያው ዝቅ አድርጋችሁ ማዳበሪያ ወጥሩ፤ በላዩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ያለቀ ጋቢ ዘርጉበት። ጨርቁ ከቆርቆሮው ጋር ሳይጣበቅ አየር በመሃላቸው ቢኖር የበለጠ ይውጣል። ከድራሙ ጀርባ ያለውን ማዕዘን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ሥሩ ምንጣፍ ይነጠፍ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሲምባል ዋጋ ያነሰ ነው፤ ለውጡ ግን ይበልጣል።

ሁለተኛው ነገር ምርጫው ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ብሩህና ወፍራም ሲምባል አትውሰዱ። ሰስ ያለ፣ ድምፁ ወፈር ያለና ቶሎ የሚወድቅ ይሁን። ስታክ እንዲህ ላለው ቤት የተፈጠረ ነው ለማለት ይቻላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ባለ ክፍት መድረክ ላይ ስትወጡ ድምፁን የሚመልስ ጣሪያ የለም። ቤት ውስጥ የበቃችው አጭር ድምፅ እዚያ ስስ ትሆናለች። ያኔ ለስታኩ ማይክሮፎን ጠይቁ፤ ቻይናውን ደግሞ ሳትሳሱ ምቱት።

የተሰነጠቀ ሲምባል በብየዳ ይጠገናል?

አይጠገንም። ባለብየዳው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አይጠገንም። ከፍተኛ ቆርቆሮ ያለበት ነሐስ ፋብሪካ ውስጥ ግሎ ውሃ ውስጥ ተነክሮ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ነው ሳይሰባበር የሚቀጠቀጠው። በብየዳ አንዱ ቦታ ብቻ ግሎ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ያ ቦታ ተሰባሪ ይሆናል። ድምፁም ይሞታል፤ በሚቀጥለው ምሽት ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል።

ስንጥቁ ትንሽ ከሆነ ጫፉን ፈልጉ። ጣት ላይ አይታወቅም፤ ጥፍራችሁን በስንጥቁ ላይ ስታስኬዱ የሚይዝበት የመጨረሻው ቦታ ነው። ከዚያች ነጥብ ትንሽ አልፋችሁ በ3 ወይም በ4 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሱት፤ ስንጥቁ ክቡ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ስለሚበተን ይቆማል። የተሰነጠቀው ጠርዝ ላይ ከሆነ ደግሞ የተጎዳውን ክፍል በግማሽ ክብ ቆርጦ በሞረድ ማለስለስ ይቻላል። ሲምባሉ ዕድሜ ያገኛል እንጂ አዲስ አይሆንም።

ታዲያ በተሰነጠቀው ምን ልሥራበት?

ስታክ ሥሩበት። የተሰነጠቀ ክራሽ ለስታክ ታች የሚሆን ከሁሉ የተሻለ ዕቃ ነው። አሮጌ ትንሽ ቻይና ወይም ከጀማሪ ድራም የቀረ የናስ ክራሽ ከላይ አስቀምጡበት። አንዴ አቅንታችሁ፣ አንዴ ገልብጣችሁ፣ አንዴ የላይኛውን ብቻ አዙራችሁ ሞክሩ። ጠርዝና ጠርዝ ሲገጥም ድምፁ ደርቆ እንደ ጭብጨባ ይሆናል፤ ዳዶውን ስታላሉ ይሻክርና ይረዝማል። የሚስማማችሁን ስታገኙ የዳዶውን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ መድረክ ላይ ተቻኩላችሁ ስትገጥሙ ያው ድምፅ እንዲመለስ።

ሌላው መንገድ ቆርጦ ማሳነስ ነው። ስንጥቁ ከጠርዝ የጀመረ ከሆነ ከመሃሉ ቀዳዳ ተነሥታችሁ በገመድና በእርሳስ ክብ ሥሩ፤ ስንጥቁ ሙሉ በሙሉ ከክቡ ውጭ መቅረት አለበት። የብረት ሥራ ቤት ውስጥ ሲቆረጥ ባለሙያው ቶሎ ቶሎ በእርጥብ ጨርቅ እንዲያበርደው አጥብቃችሁ ንገሩት። ነሐሱ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ከተለወጠ ከመጠን በላይ ግሏል ማለት ነው። ጠርዙ በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከል። ፋብሪካ ከሚሠራው ስፕላሽ ይወፍራል፤ ስለዚህ ድምፁ ወደ ደወል ያደላል። ለሜታል ይህ ጉድለት አይደለም።

አሮጌ ሲምባል ስገዛ ምን ልመርምር? ከአዲስ አበባስ እንዴት ላምጣው?

ፀሐይ ላይ ውጡና ጠርዙን ዙሪያውን በሁለት ጣት እየቆነጠራችሁ ዳብሱ፤ ጥርስ ወይም እጥፋት ያለበት ቦታ የነገ ስንጥቅ ነው። የመሃሉን ቀዳዳ እዩ፤ ክብ መሆኑ ቀርቶ ወደ አንድ ወገን ከተራዘመ ተገዝግዟል። ከዚያ ሲምባሉን በቀዳዳው በጣት አንጠልጥላችሁ ጠርዙን በዝግታ ምቱት። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ይንጫጫል ወይም ድንገት ይቆረጣል። ማጽጃ ተቀብቶ ያብረቀረቀ አሮጌ ሲምባል ካያችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ መርምሩት።

ለመንገዱ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመሃል የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ። ሲምባል አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን። ከላዩ የእህል ጆንያ ይጣልበታል፤ ከደጀን እስኪወጣ ድረስ ጠርዙ ይታጠፋል። ሲምባሎቹን በመሃላቸው ጨርቅ እያደረጋችሁ ደርቡ፣ በሁለት የካርቶን ክብ መሃል እሰሩ፣ በከረጢት አድርጋችሁ እግራችሁ ሥር ወይም ጀርባችሁና ወንበሩ መሃል በቁመት ያዙት።

ክረምት ላይ ሲምባሌ አረንጓዴ ያበቅላል። ምን ልቀባው?

ምንም አትቀቡት። እንጅባራን በመሰለ ዝናብ በማይለየው አገር፣ ወይም ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ፣ ነሐስ ላብና እርጥበት ሲገናኙበት ይዝጋል። ከተጫወታችሁ በኋላ የጣት አሻራውን በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ጥረጉት፤ ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት። በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሽቦ መፈተግ ነሐሱ ላይ ያሉትን ስስ መስመሮች ይበላል፤ ድምፁም ይለወጣል። እርጥብ ከረጢት ውስጥ አታሳድሩት።

ጆሮዬ ከልምምድ በኋላ ይጮኻል። ጉዳት ነው?

አዎ፣ ጆሯችሁ ከልኩ በላይ መሥራቱን እየነገራችሁ ነው። በሥራ ቦታ ደኅንነት ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ልክ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በጉልበት የተመታ ድራም ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ከጊታሩ ይልቅ ጆሮን ቀድሞ የሚጎዳው አጠገባችሁ ያለው ቻይና ነው። የጆሮ መድፈኛ ግዙ፤ ከሲምባሉ በፊት ግዙት። የጠፋ መስማት በሕክምና አይመለስም፤ የመስማት ችሎታውን ያጣ ድራመር ደግሞ ሲምባል የሚመርጥበት ነገር የለውም።

የጸናጽል ድምፅ እወዳለሁ። ከሃይ-ሃቱ ጎን ባስረውስ?

ይህን የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ማሕሌት ሲቆም እየሰሙ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ፍቅሩ ይገባኛል። ጎጃም የአብነት ትምህርት አገር ነው፤ ብዙዎቻችን ምት የሰማነው መጀመሪያ ከከበሮውና ከጸናጽሉ ነው። ቢሆንም መልሴ አታድርጉት ነው። ጸናጽል የአገልግሎት ንዋይ ነው፤ ቦታው ቤተ መቅደስ ነው፤ ሄቪ ሜታል መድረክ ላይ ሲታይ አባቶችን ያሳዝናል። ከዚያም ሌላ ድምፁ ስስ ስለሆነ ከጊታር ጋር አይሰማም።

የምትፈልጉት የሚንሿሿ የብረት ድምፅ ከሆነ ሃይ-ሃት ዘንግ ላይ የሚታሰር የታምቡሪን ቀለበት ይሸጣል። ከዚያ በላይ ግን ከማሕሌቱ የሚወሰደው ዕቃው ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው። መሪጌታዎቹ ምቱን ከዝግታ ጀምረው ደረጃ በደረጃ እያፈጠኑ ሲወስዱት ከበሮው ቦታው እስኪደርስ ይጠብቃል። ማድመቂያ ሲምባሉን በየአራት ምቱ ለሚመታ ድራመር ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ስንቀርጽ ሲምባሉ ሁሉን ይሸፍናል። ሲምባል መቀየር አለብኝ?

ከመቀየራችሁ በፊት ከፍ አድርጉት። ሲምባሉ ለስኔሩና ለቶሞቹ፣ ማለትም ለሌሎቹ ከበሮዎች፣ ማይክሮፎን በጣም ከቀረበ ድምፁ በሁሉም መሥመር ይገባል፤ በኋላ ስኔሩን ከፍ ስታደርጉ ሲምባሉም አብሮ ይወጣል። አንድ ስንዝር ከፍ ማድረግ ብዙ ይፈታል። ቀጥሎ አመታታችሁን እዩ፤ ከበሮውን በጉልበት፣ ሲምባሉን በልክ መምታት በልምምድ የሚገኝ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ከሸፈነ ያኔ ሰስ ያለውንና አጭሩን ፈልጉ።

በጎጃም ምት ላይ ሜታል ስንጫወት ማድመቂያው የት ይግባ?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ብዙው የጎጃም ጭፈራ በስድስት የሚቆጠር ፈጣን ምት ነው፤ ስድስቱ በሦስት በሦስት ተከፍለው አንደኛውና አራተኛው ላይ ይከብዳሉ፤ እግሩም ጭብጨባውም እዚያ ያርፋል። ከአራት ምት ሜታል የመጣ ድራመር ቻይናውን በልማድ አንደኛውና አራተኛው ላይ ይደርባል። ያኔ ጭፈራው ሰልፍ ይሆናል፤ ትከሻ የሚያስመታው መንሳፈፍ ይጠፋል። ክብደቱን ለባስ ድራሙና ለጭብጨባው ተዉላቸው። ስታኩን ሦስተኛውና ስድስተኛው ላይ አስገቡት፤ ወደሚቀጥለው ከባድ ምት ሰውን የሚያነሣው እርሱ ነው። ለዚህ ሥራ ድምፁ በጣም አጭር የሆነ ስታክ ግድ ነው፤ ትንሽ ከረዘመ የሚቀጥለው ምት ላይ ይወድቃል።

ቻይናው የሚያምረው ስድስቱን በሌላ መንገድ ስትከፍሉት ነው። እግራችሁ አንደኛውንና አራተኛውን እንደያዘ እጃችሁ አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ቻይናው ላይ ይምታ። በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ይቆጠራል፤ ጊታሩ ከእጃችሁ ጋር ከሄደ ዘፈኑ ሳይዘገይ የዘገየ ይመስላል፤ ክብደቱም ከዚያ ይመጣል። መጀመሪያ ያለ ጊታር፣ ከሚያጨበጭብ ሰው ጋር በዝግታ ተለማመዱት። አጨብጫቢው ከተሳሳተ ወይ ፈጥናችኋል ወይ ቻይናው ረዝሞ ጭብጨባውን ሸፍኖታል። ከሁለት መስመር በላይም አታቆዩት፤ የሚጨፍረው ሰው እግሩን ሳይስት ወደ አንደኛውና አራተኛው ምት መልሱት።